የዘገየው ምስል

«ሠራ ወይስ አልሠራም?» አሉ እማማ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

ከዓይን ሆስፒታሉ አጠገብ ባለ ሆቴል፣ አልጋው ላይ በሆዳቸው ተኝተዋል። ፊታቸው አልጋው ጫፍ ላይ በተገጠመ፣ መሃሉ ክፍት በሆነ ትራስ ውስጥ ተደፍቶ ድምፃቸው ከወለሉ ስር የሚመጣ ይመስላል። ሐኪሙ በቀዶ ጥገናው ጊዜ ዓይናቸው ውስጥ አየር ሞልቷል። አየሩ ከዓይናቸው ጀርባ የተላቀቀውን ስስ ነገር ገፍቶ እንዲያጣብቀው ቀና እንዳይሉ አጥብቆ አዟል። ስለዚህ ለመብላትና ለመታጠብ ካልሆነ በቀር መሬት መሬቱን ነው የሚያዩት። ያም ማየት ከተባለ ነው፤ አንደኛው ዓይናቸው ድሮ የጠፋ፣ ሌላው በፋሻ የታሰረ።

«ሊሠራ ነው እማማ። ትንሽ ይታገሡን» አለች ሲስተር። እማማን የምታስታምመው ነርስ ናት፤ በእማማ ቤት ከጌታው እስከ ዘበኛው ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት።

የሆቴሉ ቴክኒሽያን፣ ሆዱ ገፋ ያለ ጎልማሳ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተወሽቆ ያልባል።

«ይኼ ቲቪ የሆቴሉን ዋይፋይ አይወድም» አለ። «እንግዳ ሁሉ ስልኬን ከቲቪው አገናኝልኝ ይለኛል። ዋይፋዩ ደግሞ የክፍል ቁጥር አስገባ፣ የይለፍ ቃል አስገባ እያለ ይነዛነዛል። ቲቪ በየትኛው ጣቱ ነው የሚያስገባው?»

እማማ ትራሱ ውስጥ ሳቁ። «እሱስ እንደኔ ነው። እኔም ሰው ካላገዘኝ አይሆንልኝም።»

ሰውየው ከኪሱ ኬብል አውጥቶ የሲስተርን ስልክ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዘ። ወዲያው ስልኳ ላይ ያለው ሁሉ ግድግዳው ላይ ተንጣለለ።

«አሁን ሆነ። ግን እህቴ፣ ስልክሽ ላይ የሚገባ መልእክትም እዚህ ሰፊው ላይ ይወጣል። ኋላ አልነገረኝም እንዳትዪ።»

«የሚደበቅ ነገር የለኝም» አለችው። ይህን ስትል ፊቷ ፍም መሰለ።

የሠርጉ ቪዲዮ አንሺ የላከውን ሊንክ ስትነካው አዳራሹ ብቅ አለ። ቴክኒሽያኑ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ትንሽ ቆሞ አየ። «ቀጥታ ነው ቢሉም ዘግየት ይላል። እዚያ ሰው ያጨበጨበውን እናንተ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይታችሁ ነው የምትሰሙት። የማን ሠርግ ነው?»

«የልጅ ልጄ» አሉ እማማ።

«እንኳን ደስ ያለዎት።»

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን። ለሷም በላት እንጂ፤ እሷም ቤተሰብ ናት።»

«እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ።»

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለች ሲስተር። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አላነሳችም።

ሙሽራው የእማማ ድንቡሼ ነው። ሕፃን ሳለ ጉንጩ እንጂ ዓይኑ አይታይም ነበር ይላሉ። ዛሬ ሸንበቆ የመሰለ ቀጭን ሰው ቢሆንም፣ በአባቱ የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት ቀያሽ ሆኖ ቢሠራም፣ ለእማማ አሁንም ድንቡሼ ነው። እናቱ ለሥራ ሲሮጡ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

ሲስተር እማማን ልታስታምም ወደዚያ ቤት የገባች ሰሞን፣ ከሥራ ሲመለስ ጫማው አቧራ እንደለበሰ በቀጥታ አያቱ ክፍል ይገባ ነበር። ጋዜጣ ያነብላቸዋል። ሲስተር ጠብታ ልትጨምር ወደ አልጋው ጠጋ ባለች ቁጥር መስመሩ ይጠፋበትና አንዱን ዜና ከሌላው ጋር ያደባልቀዋል። እማማ «ምነው ዛሬስ ሚኒስትሩ በግብ ጠባቂነት ተሰለፉ አልክ?» ሲሉት ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። እንዲህ እንዲህ ሲል አንድ ቀን ሳቁ ቆመና መተያየቱ ብቻ ቀረ።

አንድ ምሽት ቦርሳዋን ይዞ እስከ ውጪው በር ሸኛት። እናቱ ከሰገነት አይተው ምንም አላሉም። በማግስቱ ግን ወይዘሮዋ ፈገግ ብለው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሲስተር፣ ሠራተኞቻችን የሚገቡት በጓሮው በር ነው። ማንም አልነገረሽም መሰለኝ» አሏት። ከዚያ ወዲያ በጓሮ በር ትገባ ጀመር። ፍቅራቸውም አብሯት በጓሮ በር ገባ፤ በኮሪደር ሹክሹክታ፣ ማንም በሌለበት ደረጃ ላይ፣ በስልኳ ውስጥ በአንድ ፊደል ብቻ በተመዘገበ ቁጥር።

ቤተሰቡ የአባቱን ሸሪክ ልጅ ሲያጭለት ግን ድንቡሼ ቆረጠ። «ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም። ከዚያ በኋላ የሚሉትን ይበሉ» አላት። እሷም እሺ አለች።

ቀኑ ሳይደርስ ለእማማ በቀረችው በአንዲቷ ዓይናቸው ላይ ጥቁር መጋረጃ ወረደ። ሐኪሙ አይቶ፣ ዛሬ ነገ ሳይባል እዚያ ሩቅ ከተማ ያለው የዓይን ሆስፒታል ካልደረሱ ይታወራሉ አለ። ቤቱ ሠርግ ሠርግ ሲል ለእማማ ጊዜ ያለው አልነበረም። ወይዘሮዋም «ሲስተር ትውሰዳቸው» አሉ፤ በአንድ ድንጋይ ሁለቱን ከቤት ለማስወጣት ያሰቡ ይመስል። እማማም የሲስተርን እጅ ይዘው፣ «ለድንቡሼ ተራ ምርመራ ነው በይው። ሊታወሩ ነው ካልሽው ሠርጉን ትቶ ይከተለኛል። በእኔ ይሁንብሽ፣ እንዳትነግሪው» ብለው አስማሏት። መሐላው ለሷ ምን እንደሆነ እማማ ምኑን ያውቃሉ?

እሱ ደግሞ ተራ ምርመራ መስሎት ተቆጣ። «ለምርመራ ሌላ ነርስ ትሂድ። ነገ አንቺ መኪናው ውስጥ ከገባሽ ሐሳብሽን ቀይረሻል ማለት ነው። ዳግመኛ አልጠይቅሽም።»

መኪናው ውስጥ ገባች። በመስታወቱ አሻግራ ስታየው በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። እጁን አላነሳም። እሷም የማለችበት አፏ ተለጉሞ ተቀመጠች፤ መንገዱን ሙሉ እማማ በደስታ የሚያወሩት ስለ ሠርጉ ነበር።

«በይ ንገሪኝ» አሉ አሁን እማማ። «ዓይኔ አንቺ ነሽ። አንዲት ነገር እንዳታስቀሪ።»

«አዳራሹ ሰፊ ነው። ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። አበባው ብዙ ነው፣ አንዳንዱ ክሬም፣ አንዳንዱ ቀላ ያለ።»

«ምራቴስ ምን ለብሳለች?»

«ወይዘሮዋ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰዋል።»

«አይሄድብሽም ብያት ነበር። ድንቡሼስ?»

ካሜራው ዞረ። ድንቡሼ ከፊት፣ በጎን በኩል ካለው በር አጠገብ ብቻውን ተቀምጧል። ሙሽሪት ገና አልገባችም። ጥቁር ሱፍ ልብስ ለብሶ ጸጉሩን ተስተካክሎ ሌላ ሰው መስሏል። ሲስተር በትንሿ ስልክ ላይ ብታየው ትችለው ይሆናል። እዚህ ግን ፊቱ የእሷን ፊት ያህል ሆኖ፣ ከዓይኑ ስር የገባው ጥቁረት ሳይቀር ተዘርግቶ ታያት። 

«ጥቁር ሱፍ ለብሷል። አምሮበታል።»

«ደስ ብሎታል?»

«...አዎ። ደስ ብሎታል።»

በዚህ ቅጽበት ስልኳ ድምፅ አሰማ። ቴሌቪዥኑ አናት ላይ፣ ከአበባው በላይ፣ አንድ ፊደል ብቻ ካለው ቁጥር የመጣ መልእክት ተዘረጋ።

*እያየሽኝ ነው?*

 ምስሉ ላይ ግን ድንቡሼ እጁን ጭኑ ላይ አጣምሮ እንደተቀመጠ ነው። ደቂቃ ካለፈ በኋላ እጁን ኪሱ ከተተና ስልኩን አወጣ። አጎንብሶ ጻፈ። ሲጽፍ ያየችው መልእክቱ ከደረሳት በኋላ ነበር። ስልኩን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ይጠብቅ ጀመር።

«ቅድም የላከልሽ ማነው?» አሉ እማማ።

«የስልክ ኩባንያው ማስታወቂያ ነው።»

ሌላ ድምፅ። *አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ።*

ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ። አዎ ብላ ጻፈች። ቃሏ ቴሌቪዥኑ ላይ ገዝፎ ሲወጣ ራሷን ስትጮህ የሰማች መሰላት። ቀጥላ ምን ትላለች? እያየሁህ ነው ካለች፣ ለምን ሄድሽ ይላታል። ለምን እንደሄደች ከነገረችው መሐላዋን በላች። አጠፋችው። ነጩ ቦታ ባዶውን ቀረ።

«ዝም አልሽ እኮ» አሉ እማማ። «ምን እያደረገ ነው?»

«ስልኩን እያየ ነው። ጉንጩን ከውስጥ በጥርሱ ነክሶታል፣ በግራ በኩል።»

«ምነው?»

«ሲጨንቀው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ከዚያ በአውራ ጣቱ የሌላውን እጁን ጥፍር ያሻል። ይኸው አሁንም...» ብላ አቋረጠች።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሙዚቃው ለሰስ ብሎ ይሰማል። 

«ሲስተር» አሉ እማማ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «እኔ ያሳደግኩት ጉንጩን እንደሚነክስ አላውቅም።»

ሲስተር ስልኳን በግንባሩ አልጋው ላይ ደፋችው።

«ስለ ምራቴ ቀሚሷን ነገርሽኝ። ስለ አዳራሹ ጨርቁንና አበባውን። ስለሱ ስትነግሪኝ ግን ድምፅሽ ሌላ ነው። ትወጂዋለሽ?»

«እማማ፣ ተዉት። ሙሽሪት ልትገባ ነው።»

«ጠየቅኩሽ እኮ ልጄ።»

«እወደዋለሁ።»

«እሱስ?»

«ልንፈራረም ነበር። እርስዎ ከመታመምዎ በፊት።» አሁን እንባዋን መያዝ አልቻለችም። «እርስዎን ይዤ መኪና ውስጥ ከገባሁ እምቢ እንዳልኩት እንደሚቆጥረው ነገረኝ።»

«ታዲያ ዓይኔ ሊጠፋ መሆኑን ለምን አልነገርሽውም?»

 ሲስተር ሳትመልስላቸው መልሱን እማማ ራሳቸው አገኙት። ትራሱ ውስጥ የሆነ ድምፅ አወጡ፣ ሰው ሲወጉት እንደሚያወጣው ያለ።

«እኔ አስማልኩሽ» አሉ። «እኔው በገዛ አፌ። ስልኬን አምጪ።»

«አይሆንም እማማ። አልቋል።»

«አላለቀም። ሙሽሪት አልገባችም አልሽኝ እኮ። ስልኬን አምጪ ነው የምልሽ፣ ወይ ተነስቼ አመጣዋለሁ።»

በእርግጥም ክንዳቸውን አስደግፈው ሊነሱ ቃጡ። ሲስተር ደንግጣ ትከሻቸውን ያዘች። ከዚያ ትንሿን ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ከኮመዲኖው አንስታ ደወለችና ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ከትራሱ ስር ያዘችላቸው። እጇ እምቢ አላለም። ልቧም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እምቢ አላለም።

ገና እንደጠራ ተነሳ።

«እማማ?»

«ድንቡሼ፣ ስማኝ፣ አታቋርጠኝ። እኔ ለምርመራ አልመጣሁም። ዓይኔ ሊጠፋ ነበር፣ ቀደዱኝ። አሁንም በግንባሬ ተደፍቼ ነው የማናግርህ። ይህቺ ልጅ ባታመጣኝ ዛሬ ዕውር ነበርኩ። እንዳትነግርህ ያስማልኳት እኔ ነኝ። ሰማኸኝ? አንተን እምቢ ብላ አይደለም።»

በስልኩ ውስጥ የአዳራሹ ጫጫታ ብቻ ተሰማ። ከዚያ አንድ ነገር ወለል ላይ ሲወድቅ። ከዚያ ትንፋሹ፣ የሮጠ ሰው ትንፋሽ።

«አጠገብሽ አለች?» አለ።

«አለች። ትሰማሃለች።»

ሲስተር አንድ ቃል ለመናገር አፏን ከፈተች። ስሙን እንኳ መጥራት አቃታት። በስልኩ ውስጥ ሙዚቃው ከፍ አለ፣ ጭብጨባ ተሰማ፣ ከዚያም አንዲት ሴት ከቅርብ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «ማነው? ሁሉም ቆመው እየጠበቁን ነው እኮ» አለች።



«እማማ» አለ ድንቡሼ፣ ድምፁ ተለውጦ። «መርቂኝ።»

«ምን አልከኝ?»

«መርቂኝ እማማ። ሰው ሁሉ ቆሟል።»

 ሲስተር ወለሉ ላይ ተንበረከከች፣ ከዚያ በጀርባዋ ተንጋላ ከትራሱ ክፍት ስር ፊታቸውን ከታች ወደ ላይ አየችው። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከታወረው ዓይናቸው የወረደው እንባ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። እንደማያዩዋት ስለምታውቅ እጇን ጉንጫቸው ላይ አደረገች። «ይመርቁት» አለቻቸው በሹክሹክታ። «ሳይመረቅ አይግባ።»

«ጎጆህ ይሙቅ» አሉ እማማ። «ክፉ አይንካችሁ። ወልዳችሁ ሳሙ።»

«አሜን» አለ። መስመሩ ተቋረጠ።

ሲስተር ከወለሉ ስትነሳ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ አረፈ። እዚያ ገና ምንም አልሆነም። ድንቡሼ ስልኩን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ እየጠበቀ ነው። ስልኩ ሲበራ ፊቱም አብሮ በራ። እሷ የደወለች መስሎት ነበር። የማን ቁጥር እንደሆነ አይቶ ፊቱ ጠየም አለና ወደ ጆሮው አስጠጋው።

ማየቱን መተው ነበረባት። ኬብሉን ነቅላ መጣል ነበረባት። ግን እማማ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ዓይኑን ሲጨፍን አየችው። ከዚያ ሲነሳ፤ ወንበሩ ከኋላው ወደቀ፣ ቅድም የሰማችው ያ ነበር። ተነስቶም እዚያው አልቆመም። ስልኩ ጆሮው ላይ እንዳለ ወደ ጎኑ በር ተራመደ። በሩ ክፍት ነበር፣ ማንም አልቆመበትም፣ ከበሩ ማዶ የቀን ብርሃን ይታያል። ሲስተር መጨረሻውን በጆሮዋ ሰምታለች። መርቂኝ ማለቱን ሰምታለች፣ አሜን ማለቱን ሰምታለች። ቢሆንም ልቧ በራሱ ጊዜ ተነሳና፣ ይወጣል፣ አሁን ይወጣል አለ። «ሂድ» አለች ድምፅ ሳታሰማ። «ትንሽ ነው የቀረህ።»

ሙሽሪት ነጭ ለብሳ ከኋላው ደረሰች። ልጅ እግር ናት፣ ፊቷ ላይ ክፋት የለም። እጅጌውን በሁለት ጣቷ ነካ አደረገችው፣ ያን ብቻ። ድንቡሼ ዞሮ አያት። ከሷ ወዲያ የቆመውን ሕዝብ አየ፣ አረንጓዴ የለበሱትን እናቱን አየ፣ የአባቱን ደስታ አየ። ትከሻው እንደተነፈሰ ነገር ወረደ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳለ ለማወቅ ድምፅ አላስፈለጋትም።

አንገቱን ደፍቶ ምርቃቱን ተቀበለ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀና ብሎ በቀጥታ ወደ ካሜራው አየ፣ ከካሜራው በኋላ ማን እንዳለ እንደሚያውቅ ሰው። በዚያው ምስሉ ቀጥ አለ። ፊቱ መሃል አንዲት ክብ ምልክት ትሽከረከር ጀመር።

«ምነው ድምፁ ጠፋ?» አሉ እማማ።

«ኔትወርኩ ነው።»

ክቧ ተሽከረከረች። ሲስተር ተነስታ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመች። ያ ፊት እንደዚያ እንደቆመ እንዲቀር ተመኘች፣ ኔትወርኩ ዳግመኛ እንዳይመጣ፣ ሆቴሉ መብራቱ እንዲጠፋ። ምስሉ ሲመለስ ሕዝቡ እያጨበጨበ ነበር። ቀለበቱ ጣቱ ላይ ነበር።

«አሰረ?» አሉ እማማ።

«አሰረ።»

«አጥፊው።»

አጠፋችው። መጋረጃው የተዘጋው ክፍል ዝም አለ። ከታች የመኪና ጥሩምባ፣ በኮሪደሩ የጽዳት ሠራተኛዋ ጋሪ ይሰማል፤ ተራ የከሰዓት በኋላ ድምፆች።

«ዓይኔ ከሚድን ቢጠፋ ይሻለኝ ነበር» አሉ እማማ።

«እንደዚያ አይበሉ። እኔን ካሰቡልኝ እንደዚያ አይበሉ። የሆነው ሁሉ ለዚያ ዓይን ነው፣ እሱም በከንቱ እንዳይሆን።»

«ሐኪሙ ስለ ዓይኔ ምን አለሽ? እውነቱን።»

«መዳኑን ገና አያውቅም።»

እማማ በእጃቸው ዳብሰው የሲስተርን እጅ ያዙ። «ከኔ ጋር ትኖሪያለሽ አይደል? ስንመለስ። ሌላ ሰው አላምንም።»

ሲስተር ያንን ቤት አሰበችው። ኮሪደሩን፣ ደረጃውን፣ እሑድ እሑድ ሚስቱን ይዞ አያቱን ሊጠይቅ ሲመጣ። ጋዜጣ ሲያነብ፤ አሁን መስመሩ ሳይጠፋበት።

«እስኪሻልዎት አለሁ» አለች። «ከዚያ እሄዳለሁ እማማ።»

«እኔስ?» አሉ እማማ እንደ ሕፃን። ሲስተር ጀርባቸውን አሸት አሸት አደረገችላቸው፣ ትንፋሻቸው እስኪረጋ።

የጠብታው ሰዓት ደርሶ ነበር። እጇን ታጠበች። ደግፋ አስነስታቸው ፋሻውን በቀስታ ፈታች፣ ጠርሙሱን ከቀላችው ዓይን በላይ ያዘች።   ጠብታዋ ቦታዋን አልሳተችም። እማማ ጨፈኑ፣ መልሳ አስተኛቻቸው፣ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻቸው ሳበችላቸው።

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጥላቻን በልቧ ውስጥ ፈለገችው። ቢኖር ትይዘው ነበር፣ ይዛው ትወጣ ነበር፣ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ያረጅላት ነበር። መርቂኝ ያለበትን ድምፅ ደጋግማ አስታወሰች፣ ይመርራት እንደሆነ ብላ። ድምፁ ግን ብቻውን አልመጣላትም። ከድምፁ ፊት ፊት ወንበሩ ይወድቃል፣ ስልኩን ይዞ ይነሳል፣ ወደ ብርሃኑ ይራመዳል። ባይራመድ ኖሮ ትጠላው ነበር።